ስንት ትመዝናለች?

ከፒያሳ በታች፣ ዝናቡ እንዳባራ፣
ሙሄ ሸራ ወጥሮ ገዢ እየተጣራ፦
«ባለ መቶ! ባለ መቶ! ባለ ስድስት መቶ!»
ካልሲና ባትሪው በአንድ ላስቲክ ገብቶ።
ከመሀሉ ታየኝ ብርቱካን ገመድ፣
ጫፍና ጫፉ ጋንቾ፣ ሲያዩት የሚወደድ።
ማሸጊያው ላይ ሥዕል፦ አንዲት ነጭ መኪና
አሸዋ ላይ ቆማ፣ ሹፌሩ ሲዝናና።
«አምስት ቶን ይስባል» ይላል በቀይ ቀለም፤
«ስንት ይዘሃል?» አለኝ፤ ሌላ ጥያቄ የለም።

እሱን ከመግዛቴ በፊት፣ እውነቱን ለመናገር፣
ቧንቧ ውሃ ሄጄ ነበር፣ አሊጋዝ ሱቅ፣ በእግር።
ግሪስ ግሪስ ይላል በሩን ሲያልፉት ገና፤
መነጽሩ በሲባጎ ታስሮ፣ ቀና አለና፣
«ምን ዓይነት ናት?» አለኝ። «ላንድክሩዘር፣ ያረጀች።»
«ባልስትራ ጨምረሃል? ባዶዋን ስንት ትመዝናለች?
ስትሞላስ? በሽሎን ነው ወይስ አስፋልት የምትሄድ?
መረሬ ነው? ድንጋይ ነው? ስንት ሰው ነው የምትወስድ?»
ሐኪም ፊት የቆምኩ መሰለኝ። ከመደርደሪያው ጫፍ
አንድ ቀበቶ አወረደ፣ ስፋቱ የሰው መዳፍ።
«ሰባት ሺህ።»
«ለጨርቅ?» ብዬው ወጣሁ፤
ስድስት ሺህ አራት መቶ አተረፍኩ ብዬ ኮራሁ።

አይፈረድብኝም፤ ለናፍጣ ሁለት ቀን ተሰልፌ፣
የፍሬን ሸራ ቀይሬ፣ ከቤት ኪራይ ተርፌ፣
ኪሴን ስዳብሰው የሚሰማኝ የራሴ ጭን ነበር፤
ለገመድ ሰባት ሺህ ማን ሰው ነው የሚደፍር?

ነሐሴ አጋማሽ ነው። ኩታበርን አልፈን፣
ወደ በሽሎ ቁልቁለት ጉሙ ፊት ሸፍኖን፣
ከኋላ ሦስት ኩንታል ምስር፣ መሪጌታ ይኄይስ፣
እመት ዘምዘም፣ ልጃቸው ጭን ላይ ሲያለቅስ።
ቀኙ ጎማ ሰመጠ፤ ግራው ሊያግዘው ሲል
መረሬው እስከ መርገጫው ዋጠን፣ ምንም ሳይል።
ቆየት ብሎ ከኋላችን አንድ አይሱዙ መጣ፤
ገመዴን ዘረጋሁ፣ ሚዜ ሙሽራ እንደሚያወጣ።
ሽበሺን መሪ ላይ ትቼ፣ ጋንቾዎቹን ሰክቼ፣
«ሳብ!» አልኩ፣ ሁለት እጄን እንደ ትራፊክ አንስቼ።

ሳበ።
ገመዱ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ እንደ ጅማት ጠጠረ፤
ከዚያ ያየሁት የለም፤ ብቻ መስታወት ተሰበረ፣
ጋንቾው በኋላ በር ገብቶ ምስሩ ውስጥ ተቀበረ።
መሪጌታ አልወረዱም ነበር፣ ጫማቸው አዲስ ነውና፤
ከጆሯቸው ሥር አለፈ፤ ጥምጣማቸው ቀረ ተፈታና።
እመት ዘምዘም «አልሐምዱሊላህ»፣ እሳቸው «ተመስገን» አሉ፣
አንድ ላይ፤ ከዚያ ሁለቱም ዞረው እኔን ያያሉ።
ምስሩን ቆፍሬ ጋንቾውን አገኘሁ። ስብራቱን ሳየው
ብረት አይደለም፤ እንደ ዳቦ ነው፣ ቀዳዳ ቀዳዳው።

ግን ሐቅ ልናገር፤ ከዚያ ማጥ የወጣነው
በአካፋ ነው፣ ከዚያው ከሙሄ ሸራ በገዛነው።
እጀታው አልላላም፣ ምላሱ አልታጠፈም፤
ሌሊቱን ሙሉ ስንቆፍር አንዴ እንኳ አልለገመም።
ባትሪውም የሙሄ ነበር፣ ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ ተኛ፤
የቀረውን በዳበሳ ቆፈርን፣ ጭቃ ለብሰን እኛ።

በሦስተኛው ቀን፣ ጋንቾውን በኪሴ ከትቼ፣
ስድቤን ከኩታበር ጀምሮ እያማረጥኩ መጥቼ፣
አገኘሁት ንፋስ ሲያስቸግረው፣ ሸራውን ሲያስር
በዚያው በብርቱካን ገመድ፣ ከመብራት እንጨት ሥር።
«ለኔ ሸራ በቅቷል» አለኝ፣ ቋጠሮውን እያጠበቀ።
ደመናው ቶሳ ላይ ጠቆረ፤ ስድቤም ሳልጀምረው አለቀ።

ቧንቧ ውሃ ወጣሁ። አሊጋዝ ቀና ብሎም አላየኝ፤
«እሺ፣ ስንት ትመዝናለች?» ብሎ ካቆመበት ጠየቀኝ።
«ከመሪጌታው ጋር?» አልኩት።
አልሳቀም። ጻፈ።
የጥቅምት ዕቁቤም በዚያ ቀበቶ አለፈ።

ገመዱ? ጓሮ ነው፣ ከግድግዳ ግድግዳ ተወጥሮ፤
ዙሪያሽ ልብስ ታሰጣበታለች፣ ዓመት ሆኖታል ዘንድሮ።
ሸሚዝ ይችላል፤ የልጆቹን ዩኒፎርምም ይችላል።
እርጥብ ብርድ ልብስ ይዛ ስትመጣ ግን
እኔ ዘወር እላለሁ።